በአንገቷ ሥር የነበረችው ስንጣሪ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሽዬ፤

እንደምን ከርመሃል፣ ጋሽዬ? እንቅልፉስ? ምግቡስ? መራመዱስ? ደረጃውን ያለ ሰው ድጋፍ መውረድ ጀመረ ሲሉኝ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እልል አልኩ፤ ጎረቤቴ ምን ነካት ብላ ግድግዳውን ደበደበች። ግራ እጅህ እንዴት ናት? አውራ ጣትህስ? ሌባ ጣትህስ? የመሃሉስ? እነዚያ ሁለቱ አኩራፊዎች፣ የቀለበት ጣትህና ትንሿ ጣትህስ፣ ታረቁህ ወይስ ገና ናቸው? አንድ በአንድ የምጠይቅህ አንተ ስለ እጅህ ስትጠየቅ "ደህና ነኝ" ብለህ በደፈናው ስለምታልፈኝ ነው። እኔ ጤና ነኝ። የጣቶቼ ጫፍ ብቻ ተልጧል፤ ለምን እንደተላጠ ከዚህ በታች ታነበዋለህ። አንብበህ መቆጣትህ አይቀርም፤ ብቻ ጨርሰህ ተቆጣ።

ቀዮ፣ ያቺ ቀይ ጊታርህ፣ በሰላም ደርሳኛለች። ያመጣልኝ ሰው ሳጥኗን ከትከሻው ሲያወርድ አንተ ራስህ በበሩ የገባህ ነው የመሰለኝ። ስከፍተው ከክሮቹ ሥር የሸጎጥካትን ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። "ለሚጫወትባት ሰው ስጪያት። እኔ ጨርሻለሁ" ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው? ሃያ ዓመት አቅፈሃት የኖርካትን በአንድ መስመር ተኩል? ሰው አሮጌ ጫማውን ሲጥል እንኳ ከዚህ የበለጠ ያመነታል።

ወረቀቷን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና "እሺ" አልኩ። እማማ በልጅነቴ "አልሰማም" ብላ ስም ያወጣችልኝ እሺ ብዬ ስለማላደርግ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። ታዲያ እያወቅክ ለእኔ መላክህ ምን ማለት ነው? እዚያው ለጎረቤት ብትሰጣት ትሄድልህ ነበር። ለአልሰማም የላክሃት እምቢ እንድትልህ ነው ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ተሳስቼም ከሆነ እንደተሳሳትኩ እቀጥላለሁ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ወረቀትህ ያልነገረችኝን ሚስትህ ነግራኛለች። አትቆጣት፤ ስልኩን ይዤ አላስቆም አላስቀምጥ ስላት ነው። ግራ ጎንህን ከያዘው ሕመም ተነሥተህ ከሆስፒታል በወጣህ በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ቀዮን ከሳጥኗ አውጥተህ፣ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙረህ፣ ጀርባህን ለሰው ሰጥተህ እንደሞከርካት፤ የቀለበት ጣትህ እስኪነጣ ድረስ ክሩን ተጭኖ ተጭኖ ክሩ አልወርድ እንዳለው፤ ድምፁ ታንቆ "ጥ" ብሎ እንደቀረ፤ ከዚያም አልጋ ሥር እንዳስገባሃት። ሐኪሙ ደግሞ ጣት የሚነቃው ሲሠራ ነው ብሎሃል አሉ። በምን ይሥራ ታዲያ? ሽንኩርት በመላጥ?

ከበሮ መቺው ጓደኛህም ደውሎልኝ ነበር። ቦታህን ለማንም እንዳልሰጠ፣ ነገር ግን የምትጫወቱበት አዳራሽ ታድሶ እስኪከፈት ድረስ ብቻ ሊጠብቅህ እንደሚችል፣ ትመጣ እንደሆነ ሲጠይቅህ ግን ወሬ እንደምትቀይርበት ነገረኝ። ስለ አየር ጠባይ ታወራለህ አሉ፤ አንተ መቼ ነው ስለ ዝናብ ግድ ሰጥቶህ የሚያውቀው? ይህ ሰው ለአንተ ሲል ሁለት ጊታር መቺ መልሷል። እኔ ደግሞ ለዚህ ሰው አንድ ትልቅ ይቅርታ አለብኝ፤ ወደ በኋላ እደርስበታለሁ።

የምሠራበትን ቤት በስልክ ከምነግርህ በላይ አታውቀውም። ከመንገዱ አምስት ደረጃ ወረድ ያለ ረዥም ጠባብ ክፍል ነው። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው፤ ሰውን በጫማው መለየት ለምጃለሁ። ግድግዳው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ፣ ክራቸው የወለቀ ጊታሮች ተሰቅለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። መጀመሪያ መጥረጊያ ይዤ ነበር የገባሁት፤ አሁን አራተኛ ዓመቴ ነው፣ የራሴ ጠረጴዛና የራሴ መብራት አለኝ። አሠሪያችን አንዱን መነጽር አፍንጫው ላይ፣ ሌላውን ግንባሩ ላይ አድርጎ የሚውል ሽማግሌ ነው፤ ሁለት መነጽር እንለዋለን። ሁለቱንም እንዳደረገ መነጽሬን አይታችኋል ወይ እያለ ይዞራል። እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱ ግን ኮሶ።

ቀዮን ሳሳየው ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በአንገቷ ላይ ቁልቁል አየና "የዚህች ባለቤት ጣቱ ብረት መሆን አለበት" አለኝ። ክሮቹ ከአንገቷ ምን ያህል እንደራቁ አይቶ ነው። "ብረቴ ይሉት ነበር" አልኩት፤ ጓደኞችህ ያወጡልህን ስም። "ነበር" የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ ራሴን አበሳጨችኝ። እሱ ክሮቹን ባንድ ላይ ተጭኖ አንድ ኮርድ ልያዝ ብሎ ሞከረና ፊቱን አጨማደደ፤ ጤነኛ እጅ ያለው፣ ዕድሜ ልኩን ጊታር ሲነካካ የኖረ ሰው ማለት ነው። ይህችን ልብ በልልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እቅዴ ቀላል ነበር፤ ክሮቹን ዝቅ ማድረግ፣ በቃ። ክሩ አንገቷ ላይ በአግድም ወደተተከለው ብረት፣ ወደ ፍሬቱ፣ በቀረበ ቁጥር ጣት የሚለፋው ያነሰ ነው፤ ለደከመ ጣት አንድ ሚሊ ሜትር ማለት አንድ ፎቅ ማለት ነው። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲወጡ ቀዮን ጠረጴዛዬ ላይ አስተኛኋትና መጀመሪያ አጸዳኋት። ክንድህ የሚያርፍባት ጥግ ላይ ቀለሙ ተበልቶ እንጨቱ ወጥቷል፤ እዚያ ላይ ጨርቁን ሳሳልፍ እጅህን የጨበጥኩህ ያህል ተሰማኝ። ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ስድስቱን ኮርቻዎች ዝገት ጨርሷቸው ነበር፤ ዘይት አጠጥቼ አሳደርኳቸው። በማግስቱ በትንሿ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አንድ በአንድ አወረድኳቸው። ወረዱ፣ ወረዱ፣ ሥራቸው ያለውን ብረት ነክተው ቆሙ፤ ከዚያ በታች መውረጃ የለም። የብረት ማስመሪያዬን አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ አቁሜ ለካሁ። ወፍራሙ ክር አሁንም ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ተሰቅሏል! ሰው ሁለት ባልሞላ ነው የሚጫወተው። አንገቷ ጎብጦ ይሆን ብዬ እሱንም አየሁ፤ ቀጥ ያለ ነው። እንግዲህ ችግሩ አንገቷ ከሆዷ በሚገናኝበት ቦታ ላይ መሆን አለበት አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ክሮቹን ሁሉ አወለቅኩና በጀርባዋ ያሉትን አራት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። አንገቷ ተላቀቀ። እንጨት ከእንጨት በሚገናኝበት ጎድጓዳ አፍ ላይ አንዲት ስንጣሪ ተጋድማለች፤ ርዝመቷ እንደ ጣቴ፣ በአንድ በኩል ወፈር በሌላው ሳሳ ብላ የተላገች። ማን እንደላጋት መጠየቅ አላስፈለገኝም። የአባባን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእሱን አላላግ እኔ የት አጣዋለሁ?

የማይታይ ጎን ላይ መጻፍ ይወድ እንደነበር ታስታውሳለህ። የጠረጴዛ ሆድ፣ የመሳቢያ ጀርባ፣ የቁም ሣጥን ወለል ሥር፣ በዚያች ከጆሮው በማትለይ እርሳስ ምን እንጨት እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለው፣ ወደፊት ምን መደረግ እንዳለበት ይጽፍ ነበር። ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው እንዳይረግመኝ ነው ይል ነበር። ስለዚህ ስንጣሪዋን ወደ መብራቱ አስጠጋኋት። በአንድ ጎኗ "ቁልፏ ስትገኝ ይውጣ" ይላል። ገለበጥኳት። "ልጅቷን አትቆጡ" ይላል።

ጋሽዬ፣ ልጅቷ እኔ ነኝ። ቁልፏን የጣልኳት እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አንተ ቀዮን ከያዝካት ገና ዓመት አልሞላህም። አንዲት ሰማያዊ ብይ በግቢው የውሃ መውረጃ ፍርግርግ ሾልካ ገባችብኝ። ጫፏ ቆልመም ያለ ነገር ስፈልግ ከጊታርህ ሳጥን ውስጥ የኮርቻዎቹን ያችን ትንሽ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አየሁ። ብይዋ አልወጣችም፤ ቁልፏ ግን ተከትላት ገባች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው። ማታውን አንተ ቤቱን ገለበጥከው። ከበሮ መቺው ዋዜማውን ሳጥኑን ነካክቶ ነበርና እሱ ነው የጣላት አልክ። ምን ያህል ማለ፣ ምን ያህል ተገዘተ! አላመንከውም፤ ሦስት ወር ተኮራረፋችሁ። እኔ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ አፌ ተለጎመ። በመጀመሪያው ቀን ፈራሁ፤ በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውን ቀን ዝም ማለቴን ፈራሁ፤ እንዲህ እያልኩ ይኸው ሃያ ዓመት ሞላኝ።

ያኔ አንተ ክሩን እንደ ጅራፍ ነበር የምትመታው፤ ክሮቹ ፍሬቱን እየነኩ "ዝዝዝ" ይሉ ነበር። ቁልፏ ከሌለች ኮርቻዎቹን ማንሣት አይቻልም፤ በሰፈራችን ደግሞ እንደዚያች ያለች ቁልፍ ብርቅ ነበረች። አባባ "እስኪ ወዲህ በላት" ብሎ ወደ ሥራ ቤቱ ወሰዳት። አናጢ ነዋ! በብሎን የሚሠራውን በእንጨት ሠራው። አንገቷን ፈትቶ ስንጣሪ ሸጎጠባት፣ ክሮቹ ከፍ አሉ፣ ዝዝታው ጠፋ፤ "በል አሁን እንደ ልብህ ምታት" አለህ። ብቻ ስንጣሪዋ ወፈር ብላ ነበርና ክሮቹ ከሚገባቸው በላይ ተሰቀሉ። አንተ ጊታር ሁሉ እንዲህ ከባድ ነው ብለህ ጥርስህን ነክሰህ ለመድካት። ጣትህ ጠነከረ። "ብረቴ" ተባልክ። ሌላው ባዶ እጁን የሚወጣውን ዳገት አንተ በእኔ ቁልፍ የተነሣ ሃያ ዓመት ሙሉ ተሸክመህ ወጣኸው።

አሁን ያችን ልብ በልልኝ ያልኩህን ነገር አንሣት። ያን ጠዋት በመስኮቱ በኩል ጣትህ ክሩን ማውረድ ሲያቅተው "እኔ ጨርሻለሁ" አልክ። ሁለት መነጽርም እኮ አቅቶታል! ያችን ጊታር በሽታ የማያውቀው ሰውም አይጫወታትም። አንተ ከሕመም ተነሥተህ፣ ከጊታር ሁሉ የከበደችውን ይዘህ፣ ከሁሉ የደከመ ጣትህን ጭነህባት፣ አልሆነልኝም ብለህ በራስህ ላይ ፈረድክ። እንዲህ ያለ ፍርድ ይግባኝ ይባልበታል፤ ይግባኙን እኔ ብያለሁ።

አባባ እንዴት እንዳወቀ አላውቅም። ምናልባት ፍርግርጉ ላይ ተደፍቼ አይቶኝ ይሆናል። እስከ ዕለተ ሞቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ አንድ ቀን ግን እኔን ይዞ ሄዶ አንድ ከረጢት ብይ እንደገዛልኝ አሁን ትዝ አለኝ፤ ያኔ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። ስንጣሪዋን ይዤ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሁለት መነጽር አይቶኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሱን ዋጠና በሩን ዘግቶልኝ ወጣ።

ማውጣቱ ግን ቀላል አልሆነልኝም። የአባባ እጅ ያረፈበት ነገር ነው፤ እኔ ማን ነኝ የምነቅለው? ግን እኮ ራሱ ጽፎታል፤ ቁልፏ ስትገኝ ይውጣ ብሏል፤ ቁልፍ ደግሞ በእጄ አለ። አወጣኋት። አንገቷን መልሼ ገጠምኩ፣ አራቱን ብሎኖች አጠበቅኩ፣ ከሁሉ ቀጭን የሆኑትን ክሮች አሰርኩባት። ክሮቹ ወርደው አንገቷ ላይ ተኙ፤ እንዲያውም አብዝተው ስለተኙ ኮርቻዎቹን በሩብ ዙር በሩብ ዙር ጥቂት አነሣኋቸው። ማስመሪያውን ሳቆም ወፍራሙ ክር አንድ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ቀጭኑ ከዚያም ያነሰ። ሁለተኛ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ደስታዬ ግን ድምፅ ማጉያው፣ አምፕሊፋየሩ ላይ እስክሰካት ብቻ ነበር። ጉድ በል! ወፍራሙን ክር ስመታው አንድ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሰዎች የሚጨቃጨቁ ይመስል ይወላገዳል። መቃኛው ተስተካክላለች ይላል፤ ክሩን ወደ ሆዷ ጠጋ አድርጌ ስይዝ ደግሞ ከቅኝቷ ትወጣለች። ሦስት ጊዜ ቃኘኋት፤ ወይ ፍንክች። ሐሞቴ ፈሰሰ። የአባባን እንጨት ነቅዬ ደህና የነበረችውን ጊታር ገደልኳት፣ በልጅነቴ ቁልፏን ዛሬ ደግሞ ራሷን አጠፋሁበት አልኩ። ከሰዓቱን ሁሉ አንገቷን ስፈታና ስገጥም ዋልኩ፤ የጣቶቼ ጫፍ የተላጠው ያኔ ነው።

ሁለት መነጽር ሥቃዬን አይቶ ሲጠግብ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። "ክሩን አወረድሽው፤ እሺ። ማግኔቱን ማን ያውርድልሽ?" አለኝ። ወይ ነዶ! አራት ዓመት እዚህ ቤት ሠርቼ ይህን ልርሳ? አዳራሻችሁ ጫጫታ ስለሚበዛበት፣ አምፕሊፋየራችሁም ደካማ ስለነበረ፣ አንተ ድምፅ ይውጣልኝ ብለህ ከክሮቹ ሥር ተቀምጠው ድምፁን የሚቀበሉትን ፒክአፖች ሊወጡ እስከሚችሉበት ድረስ ከፍ አድርገሃቸው ነበር። ክሮቹ ሰማይ ላይ ሳሉ ችግር አልነበረውም። አሁን ክሮቹ ሲወርዱ አፍንጫቸው ሥር ገቡ። ፒክአፕ ውስጥ ያለው ማግኔት ደግሞ የብረት ክር ሲቀርበው ዝም አይልም፤ ይጎትተዋል። የተጎተተ ክር እንደ ልቡ አይወዛወዝም፤ ድምፁም ይወላገዳል። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው። አንገቷ ምንም አልሆነም፤ አባባም ምንም አላጠፋ።

በየፒክአፑ ግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኖች ይዤ አወረድኩ። አብዝቼ ሳወርድ ድምፁ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ መሰለ፤ ሳነሣ መወላገዱ ተመለሰ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ፣ ሩብ ዙር አዞርኩ፣ አዳመጥኩ፣ ሩብ ዙር አዞርኩ፣ አዳመጥኩ። ትዕግሥት የሌለኝ እኔ! እማማ ብታየኝ ልጄ አይደለችም ትል ነበር። በመጨረሻ በወፍራሙ ክር በኩል ዝቅ፣ በቀጭኑ በኩል ጥቂት ከፍ ብለው ሲቀመጡ ስድስቱም ክሮች እኩል ተናገሩ። ንጹሕ ድምፅ፣ ጋሽዬ፤ እኔ ከዚህች ጊታር እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አንተም አልሰማህም።

ከዚያ ከሁለት መነጽር ጋር ተጣላን። እሱ ክሮቹ ትንሽ ከፍ ይበሉ አለ፤ ከእኛ ቤት የሚዝዝ ጊታር አይወጣም ባይ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ስትነቀል ወፍራሙ ክር ጥቂት ይዝዛል፤ እውነት ነው። ስትሰካ ግን አይሰማም። ጤነኛ እጅ እንዲህ ዝቅ ያለ ክር ምን ያደርግለታል አለኝ። ለጤነኛ እጅማ ማንም ይሠራል አልኩት። ድፍረቴን ወደድኩት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ግን ወገቤን ጠበቅ አድርጌ አንድ ነገር ወሰንኩ። ለሚስትህ ደውዬ አንተ ሳታይ ሁለቱ ጣቶችህ እስከ የት እንደሚታጠፉ በዓይኗ ለክታ እንድትነግረኝ አደረግኩ። ጋዜጣ ስታገላብጥ፣ ብርጭቆ ስታነሣ እያየች ነገረችኝ። እንግዲህ "ምን ታፈጫለሽ?" ብለህ የጮህክባት ያን ዕለት ነው፤ ይቅርታ ጠይቃት።

የቀለበት ጣቴንና ትንሿን ጣቴን በፋሻ ጠቅልዬ ልክ የአንተ እስከሚታጠፉበት ድረስ ብቻ እንዲታጠፉ አድርጌ አሰርኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት ከነፋሻዬ ቀዮን ይዤ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልያዝኩም። የታሰረው ጣቴ ክሩ ላይ ይወድቃል እንጂ አይጫንም፤ በንዴት ፊቴ ጋለ፤ ጀርባህን ለሰው የሰጠህበት ጠዋት ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ኮርቻዎችን ሩብ ዙር አወረድኩ። በሦስተኛው ቀን ካወረድኩት አንዱን መለስኩት፤ አብዝቶ ዘዘብኝ። በአራተኛው ቀን እጄ ሦስት ጣት ለሚፈልገው ኮርድ በሁለት ጣት ብቻ የሚሆን ሌላ አያያዝ ራሱ አገኘ፤ እጅ ሲቸግረው ብልህ ነው ለካ! በአምስተኛው ቀን ደረጃ ላይ አስቀምጠህ ያስተማርከኝን፣ ሦስት ኮርድ ብቻ ያላትን፣ አንተው የፈጠርካትን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወትኳት። ሁለት ቦታ ሳትኩ። ግን ጨረስኳት።

ሁለት መነጽር ቆሞ ሲሰማ ነበር። ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር አውርዶ አፍንጫው ላይ ካለው ጋር ደረበና የታሰሩትን ጣቶቼን አየ። "ቁመቱን አትንኪው፤ ትክክል ነው" አለ። ከዚህ ሰውዬ አፍ "ትክክል ነው" ሲወጣ ስሰማ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ወንበር ነበር።

እንግዲህ ቀዮ ትመለስልሃለች። ለሚጫወትባት ሰው ስጪያት ብለኸኝ የለ? ብፈልግ ብፈልግ ከአንተ ሌላ አላገኘሁላትም፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ትእዛዝ እንደሰማሁ ይቆጠርልኝ። ጎረቤቴ፣ ያቺ ግድግዳ የምትደበድበው፣ ነርስ ናት፤ ሐሙስ ወደ እናንተ ትመጣለች። ቀዮን ከእጇ ሳታወርድ ልታመጣልህ ምላልኛለች፤ እግረ መንገዷን እጅህንም ልታይልህ ነው። እንደ ድሮው ትሆናለህ ብዬ አልዋሽህም፤ ሐኪም አይደለሁም። ክሮቹ ግን እንደ ድሮው እንዳልሆኑ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ድሮ እንደምትጫነው አትጫን፤ ጣትህን አሳርፈው ብቻ። በጉልበት ከመታሃት ትዝዛለች፤ ተበላሸች ብለህ እንዳትደነግጥ፣ ቀስ በል ማለቷ ነው። ድምፅ ካነሰህ አምፕሊፋየሩን ክፈት እንጂ ፒክአፖቹን አታንሣ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃሃል። ብትናደድ ወደ ሳጥኗ መልሳት፤ አልጋ ሥር ግን አታስገባት፣ አፈር ስሆን።

አንድ ነገር ሆን ብዬ ሳልጨርሰው ትቻለሁ። የቀጭኑ ክር ኮርቻ ሩብ ዙር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። እሷን እኔ ማውረድ አልችልም፤ የእኔ ፋሻ የአንተን እጅ አያክልም። በሳጥኗ ኪስ ውስጥ ቁልፍ ታገኛለህ። ራስህ እየመታህ፣ ራስህ እየሰማህ፣ ጣትህ በቃኝ እስከሚልህ ድረስ አውርዳት። ከዚያ ለከበሮ መቺው ደውልለት። እመጣለሁ በለው፣ አለዚያም አልመጣም በለው፤ ስለ ዝናብ ግን እንዳታወራበት። ቁልፏንም እሱ እንዳልጣላት ንገረው። እኔም እደውልለታለሁ፤ አንተ ግን ቅደመኝ፤ ሦስት ወር ያኮረፍከው አንተ ነህና።

ስንጣሪዋን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከቁልፏ ጋር ልኬልሃለሁ። ሁለቱንም ጎኗን አንብባት።

ለእማማ ጉልበቷን ሳምልኝ፤ አልሰማም አሁንም አልሰማም እንዳለች ነው በላት፣ ትስቃለች። ሚስትህ፣ እህቴ፣ የስለላ ተልእኮዋን በሚገባ ፈጽማለች፤ አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፣ እሱን ደግሞ ለእኔ ብለህ ብቻ አታድርገው። ደረጃው ላይ ተኝቶ የሰው መተላለፊያ ለሚዘጋው ድመትም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ስትወርድ እንዳያደናቅፍህ አደራ። ለልጅህ፣ ለፌንጣዬ፣ ሁለቱን ጉንጮቿን እያገላበጥክ ሳምልኝ። ኮርቻዋን ካወረድክ በኋላ ቁልፏን እሷ ትያዛት፤ በቀይ ክር ያሰርኳት አንገቷ ላይ እንድታንጠለጥላት ነው። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላት አይደል? እንግዲህ መጣሏ አይቀርም። ትጣላት፤ እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ ሞልቷል፣ ሌላ እልካለሁ። የጣለቻት ዕለት ግን መጥታ ትንገርህ። ስትነግርህ ደግሞ አባባ የጻፈውን አስታውስ።

እህትህ
አልሰማም

በእግረኛው መስኮት ሥር ካለችው ጠረጴዛዬ፣
ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፩ ቀን